ወረቀቱ ሁሉ «አር» ሲሆን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያልቁት በአንድ ቃል ነው፤ «አልሠራ አለኝ»። አንቲባዮቲኩ ማለታቸው ነው። እኔ ጎንደር ውስጥ ላብራቶሪ የምሠራ ሰው ነኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ ለማንም መድኃኒት አላዝም። የማውቀውን ግን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። አራት ጥያቄ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ ይገባዋልም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዘዞ ነው። እናቴ ስኳር አለባት። እግሯ ላይ የወጣው ቁስል አራት ወር ሆነው። መጀመሪያ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዛንላት፣ ከዚያ ክሎክሳሲሊን፣ ከዚያ ሲፕሮ። ሴፍትሪአክሶንም ተወግታለች። በመጨረሻ ካልቸር ይሠራ ተባለ። የመጣው ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ «አር» ነው፤ «ኤስ» ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ ሜሮፔነምና አሚካሲን። ሰውነቷ መድኃኒት ለምዶ ነው? ጎረቤታችን ማር ቀቢላት ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ባክቴሪያ የሚበላ ቫይረስ አለ፣ ውጭ አገር በእሱ ያክማሉ ይላል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ወረቀት ያዢና ወደሚያክሟት ሐኪም ሂጂ። ዛሬውኑ። ሁለት ቦታ «ኤስ» መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። «ኤስ» ማለት መድኃኒቱ ይሠራበታል ማለት ነው፤ «አር» ማለት ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተቋቁሟል። እግሯ መጥቆር ከጀመረ፣ መቅላቱ ወደ ላይ ከወጣ፣ ወይም ብርድ ብርድ ካላት ግን ነገ ዛሬ ሳትሉ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የእናትሽ ሰውነት ምንም አልለመደም። «ሰውነቴ አሞክሳን ለመደው» ሁላችንም የምንለው ነገር ነው፣ ግን ስህተት ነው። የለመደው ባክቴሪያው ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልሽ። ሰውነቷ ቢሆን ኖሮ የለመደው፣ ችግሩ እሷው ጋ ይቀር ነበር። ባክቴሪያ ግን ይዞራል፤ ፋሻውን ከቀየረው እጅ ወደ በሩ እጀታ፣ ከእጀታው ወደ ልጅ እጅ። በዕድሜው አንዲት ፍሬ አንቲባዮቲክ ያልዋጠ ሰው መድኃኒት የተላመደ ጀርም ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ፋሻ ከመቀየርሽ በፊትም በኋላም እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ የወለቀውን ፋሻም የትም አትጣይው።

ካልቸር ሲባል ምን እንደሚደረግ ላሳይሽ። ከቁስሉ የተወሰደው ባክቴሪያ መጀመሪያ ለብቻው እንዲያድግ ይደረጋል። ከዚያ ክብ ሳህን ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ መረቅ የረጋ ምግብ አለ፤ እዚያ ላይ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ይቀባል። በላዩ የምስር ክክ የሚያካክሉ ክብ ወረቀቶች ይደረደራሉ። እያንዳንዷ ወረቀት አንድ አንቲባዮቲክ የጠጣች ናት። ሳህኑ በ35 ዲግሪ ሙቀት ያድራል። ጠዋት ሲከፈት ባክቴሪያው ሳህኑን ሞልቶታል፣ እርጎ ላይ እንደሚታየው ስስ ሽፋን። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቷ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ንጹሕ ክብ ይታያል። ያንን ክብ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር እንለካዋለን፣ ከሠንጠረዥ ጋር እናስተያየዋለን፣ «ኤስ» ወይም «አር» ብለን እንጽፋለን። ካልሠራ ሽፋኑ እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ይደርሳል፤ ወረቀቷ የለችም ማለት ይቻላል። ስምንት ወረቀት ደርድሬ በስድስቱ ዙሪያ ምንም ክብ ያጣሁበት ጠዋት አለ። የናሙናው ዕቃ ላይ ዕድሜ ይጻፋል። «9 ቀን» የሚል አንብቤ ውጤቱን ለመጻፍ እጄ የተሳሰረበት ቀንም ነበር።

ባክቴሪያው እንዴት ይቋቋማል? መንገዱ ብዙ ነው። አንዳንዱ መድኃኒቱን በራሱ ኢንዛይም ቆርጦ ይጥለዋል፤ እነ አሞክሳሲሊንና ሴፍትሪአክሶን ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት እንዲህ ነው። አንዳንዱ የገባውን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይረጨዋል። ይሄን ችሎታ የያዘውን የዘረመል ቁራጭ ደግሞ ለጎረቤት ባክቴሪያ ያቀብለዋል፣ የሌላ ዘር ለሆነውም ጭምር፣ ልክ የቤት ቁልፍ አስቀርጸሽ ለሰው እንደምትሰጪው። አራት መድኃኒት በተራ ሲሰጥ የሚሆነውም ይሄው ነው። ደካማው ይሞታል፣ ቁልፍ ያለው ይቀራል፣ ቦታው ለእሱ ይለቀቅለታል። ይሄን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ካልቸር የመጀመሪያው ቀን መሠራት ነበረበት፤ መጨረሻ ላይ እንዲሆን ያደረግሽው አንቺ አይደለሽም።

ማሩ። ጎረቤትሽ ዝም ብላ አላወራችም። ማር ውሃው ጥቂት ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ ሲቀጥንም ባክቴሪያ የሚገድል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል። በዓለም ላይ ለቁስል ተብሎ የሚሸጥ ማር አለ። ያ ማር ግን በጨረር ጀርሙ የጠፋለት ነው። ከገበያ የገዛሽው ማር ውስጥ የባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፣ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር የማይሰጠውም ለዚህ ነው። የስኳር በሽተኛ ጥልቅ ቁስል ላይ የቤት ማር አታድርጊ። ሐኪሙን ጠይቂው፣ አትደብቂው። ተደብቆ የተቀባ ነገር እግር ሊያስቆርጥ ይችላል፤ ማሩ ስለገደለ ሳይሆን ጊዜ ስለበላ።

የወንድምሽ ወሬም እውነት ነው። ባክቴሪያ ብቻ የሚያጠቁ ቫይረሶች አሉ፣ ባክቴሪዮፌጅ ይባላሉ፣ ባጭሩ ፌጅ። ፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል ስሙን ያወጣላቸው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፣ ፔኒሲሊን ከመገኘቱ 11 ዓመት በፊት ማለት ነው። ጆርጂያ ትብሊሲ ውስጥ በ1923 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ የተቋቋመ ተቋም አለ፣ ዛሬም ያክማል። ምዕራቡ ዓለም አንቲባዮቲክ ሲያገኝ ፌጅን ረሳው። መልሶ ያስታወሰው ሲጨንቀው ነው። ቶም ፓተርሰን የሚባል የሳንዲያጎ ፕሮፌሰር ግብፅ ሄዶ ታመመ፤ የያዘው አሲኔቶባክተር የተባለ ባክቴሪያ ሁሉንም መድኃኒት የተላመደ ነበር። ሰመመን ውስጥ ከገባ በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. ፌጅ በደም ሥሩ ተሰጠውና ዳነ። ለእሱ የሚሆነው ፌጅ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ፍሳሽ ቆሻሻ ነው። ፌጅ ባክቴሪያ ባለበት ሁሉ ይኖራል፣ የእኛው ቀሃ ወንዝም ባዶ አይሆንም።

ታዲያ ለምን እናትሽ አታገኘውም? አንድ ፌጅ የሚገድለው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ነው፣ አንዳንዴ የዚያንም ዓይነት ጥቂቱን ብቻ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ባክቴሪያ የሚስማማው ይፈለጋል፣ ይጣራል፣ ይባዛል። ያ ላብራቶሪ ይፈልጋል፣ ጊዜም ይፈልጋል። ቢገኝም ሁሌ አይሳካም። ፈረንሳይና ቤልጂየም ውስጥ በቃጠሎ ቁስል ላይ በተደረገ ሙከራ ፌጁ ለበሽተኛው እስኪሰጥ ድረስ ጉልበቱ እጅግ ቀንሶ ተገኘ፣ ከተለመደው ቅባትም ዘግይቶ ነው የሠራው። ተስፋ አለው፣ እኔም ከልቤ እጠብቀዋለሁ። ግን ለዚህ ሳምንት አይደርስም።

ለዚህ ሳምንት የሚደርሰው ሌላ ነው። ሜሮፔነም በደም ሥር፣ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ የሚሰጥ ነው፤ አሚካሲን ኩላሊትን ስለሚነካ የኩላሊቷ ምርመራ ይታያል። የቱ እንደሚሰጥ ሐኪሙ ይወስን። እነዚህን ግን ራስሽ ጠይቂ፦ የሞተው ሥጋ ተጠርጓል ወይ? ደም ወደ እግሯ ይደርሳል ወይ? በዚያ እግሯ እየረገጠችበት ነው ወይ? ስኳሯ ስንት ነው? የሞተ ሥጋ ውስጥ ደም አይገባም፣ ደም ካልገባ መድኃኒትም አይገባም። ምርጡ አንቲባዮቲክ ቢሰጣት እንኳ በቁስሉ ላይ እየረገጠች ገበያ ከሄደች አይድንም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 54 ነው፣ ማራኪ ነው የምኖረው። በየሁለት ወሩ ታይፎይድና ታይፈስ ይይዘኛል። ስመረመር «ፖዘቲቭ» ይላል፣ ሲፕሮና ዶክሲ እወስዳለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። አሁን መርፌ ይሻላል ብለውኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዓመት ስድስት ጊዜ ታይፎይድ ይይዘዎታል ብዬ አላምንም። በየሰፈሩ የሚሠራው ምርመራ ዊዳል ይባላል። ዊዳል ጀርሙን አያየውም። የሚያየው ሰውነትዎ ለጀርሙ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው፣ ያ ደግሞ ካገገሙ በኋላም ደም ውስጥ ይቆያል፣ በሌላ በሽታም ሊነሳ ይችላል። አመዱን አይቶ ቤቱ እየነደደ ነው እንደማለት ነው። የታይፈሱም ምርመራ ቢሆን ከዚህ የተሻለ አይደለም። ሁለቱ አብረው «ፖዘቲቭ» መባላቸው ራሱ ሊያጠራጥረን ይገባል፤ የሚመጡበት መንገድ ለየብቻ ነው፣ አንዱ በምግብና በውሃ፣ ሌላው በቅማል ወይም በቁንጫ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲያተኩስዎት መጀመሪያ የወባ ምርመራ ያስደርጉ። ታይፎይድ ከተጠረጠረ ደግሞ አንዲት ፍሬ ከመዋጥዎ በፊት የደም ካልቸር ይሠራልኝ ይበሉ። በሰዓቱ አይደርስም፣ ቀናት ይወስዳል፣ ግን ጀርሙን ራሱን ነው የሚያሳየው። ክብደት እየቀነሱ ከሆነ፣ ሌሊት የሚያልብዎት ከሆነ ቲቢም ይታይ። ሲፕሮና ዘመዶቹ ቲቢን ለጊዜው ያስታግሱና ምርመራውን ያዘገዩታል፤ ሰው ተሻለኝ ሲል በሽታው ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

መርፌ ይሻላል የሚለው ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። መርፌ ስላመመ አይበረታም። ያልታወቀን በሽታ በሴፍትሪአክሶን መውጋት የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ ይያዙ ካላቸው መድኃኒቶች አንዱን ማባከን ነው። ሲፕሮም ከእነሱ ጋር ነው የተመደበው። ድርጅቱ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ከፍሏቸዋል፦ በቅድሚያ የሚሰጡ፣ ጥንቃቄ የሚሹና ለመጨረሻ የሚቀመጡ። እኛ ሰፈር ግን ጥንቃቄ የሚሻው መጀመሪያ ሆኗል።

ይሄ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ተገምቷል፣ ከሕዝቡ ቁጥር አንጻር ሲታይ የከፋው ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. ኖቤሉን ሲቀበል ማንም ሰው ከሱቅ ገዝቶ ባነሰ መጠን የሚወስድበት ቀን እንዳይመጣ አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬ መድኃኒት ቤት ቆሜ «አምስት ፍሬ አሞክሳ ስጠኝ» ሲባል እሰማለሁ።

ጥያቄ፦ ጠዳ አካባቢ 200 ዶሮ አለኝ። እንዳይታመሙ ኦክሲ ዱቄት በየሳምንቱ ውሃቸው ውስጥ እጨምራለሁ። ባለፈው ፈንግል ግማሹን ጨረሰብኝ። መጠኑን ልጨምር?

መልስ፦ አትጨምር፣ እንደውም አቁም። ፈንግል ቫይረስ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን ቫይረስ አይነካም፣ በርሜል ሙሉ ብታጠጣቸው ለውጥ የለውም። ያተረፍከው ነገር ቢኖር የዶሮዎቹ አንጀት ውስጥ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ማርባት ነው፤ እነሱ በኩሱ ወደ ማሳ፣ በእጅህ ወደ ማዕድህ ይመጣሉ። እንቁላሉም ውስጥ መድኃኒቱ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክን ለእንስሳት ማፋፊያ መስጠትን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል።

ለፈንግል ክትባት አለ፣ አገር ውስጥ ቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ለዱቄቱ የምታወጣውን ገንዘብ ለእሱ አውጣው። የወረዳህን የእንስሳት ሐኪም መቼ መቼ እንደሚሰጥ ጠይቀው። ከገበያ የገዛሃትን አዲስ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆያት። አማራጭ ሕክምና ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው አዲስ መድኃኒት ነው፤ ክትባት ግን በሽታውንም መድኃኒቱንም ያስቀራል፣ ለዶሮም ለልጅም።

ጥያቄ፦ ቁስቋም ሰፈር ነው ቤታችን። ተማሪ ነኝ። አያቴ መርጌታ ነበሩ፣ የመድኃኒት ብራና ትተውልናል። አንቲባዮቲክ አልሠራ ካለ ለምን የእኛን ዕፀዋት አንጠቀምም? ለምንስ ነው የሚናቁት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ ብሎኛል፣ ጎንደርም ተቀምጦ ይሄን የማይጠይቅ ሰው ይገርመኛል። መናቁ እውነት ነው። ግን ሁልጊዜ አልተናቁም። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ኮሶን አይቶ ጽፏል፤ በኋላ ኮሶ የአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገብቶ ለኮሶ ትል ታዟል። መጠኑ ሲበዛ ዓይን እንደሚጎዳም ታውቋል። ኮሶ ይሠራል፣ ይጎዳልም። ሁለቱም እውነት ነው።

እንዶድንም አስብ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዚያ ጀርም የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲያጥቡ ማንም ያላስተዋለውን አንድ ሰው ቆሞ አየውና ዕድሜውን ሰጠው። ዓለም እስኪቀበለው ብዙ ዓመት ፈጅቷል፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል።

እዚሁ ደጃችንም ሥራ አለ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የጣዝማ ማርንና ነጭ ሽንኩርትን ለየብቻም አብሮም በባክቴሪያ ላይ ሞክሮ፣ ሲቀላቀሉ እንደሚበረቱ አሳይቷል። ቅድም ለአዘዞዋ እህት በነገርኳት ዓይነት ሳህን ላይ፣ ያው ንጹሕ ክብ ነው የታየው። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን ሳህን ሰው አይደለም። ሳህን ላይ ኮምጣጤም ባክቴሪያ ይገድላል። ከሳህን እስከ ሰው ያለው መንገድ ላይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ ሲጠጣ ደም ውስጥ ይደርሳል? ስንት ሰዓት ይቆያል? ጉበት ይችለዋል? ነፍሰ ጡር ብትወስደውስ? ብዙው ዕፅ የሚቀረው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

አንዱን ያለፈ ልንገርህ። ቱ ዩዩ የምትባል ቻይናዊት የወባ መድኃኒት ስትፈልግ ቡድኗ ብዙ ዕፅ ሞከረ። አንዱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ከ1,600 ዓመት በፊት ወደተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ተመለሰች። መጽሐፉ ዕፁን ውሃ ውስጥ ነክረህ ጨምቀህ ጠጣ ይላል፣ አፍላ አይልም። ሲያፈሉት ነበር ለካ የሚበላሸው! በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፣ አርቴሚሲኒን ሆነ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመች። ኮአርተም በሚባለው የወባ ክኒን ውስጥ ያለው ከዚያ የመጣ ነው።

ግን ይሄንንም አትርሳ፤ ከዕፅ የመጣ ስለሆነ ጀርም አይላመደውም ማለት አይደለም። ከአርቴሚሲኒን መላመድ ጋር ከሚያያዙ የዘረመል ለውጦች አንዱ እዚሁ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በወባ በሽተኞች ደም ውስጥ ታይቷል። ኮአርተም ውስጥ ሁለት መድኃኒት አብሮ የተደረገው ጀርሙ ከአንዱ ቢያመልጥ ሌላው እንዲይዘው ነው። ከመተማና ከሁመራ እየመጡ እዚህ ጎንደር የሚታከሙት የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው) በሽተኞችም በሁለት መድኃኒት 17 ቀን የሚወጉት አንድም ለዚህ ነው። ከሁለቱ አንዱ ፓሮሞማይሲን ነው፣ እሱ ራሱ አንቲባዮቲክ ነው፣ ለሌላ ሥራ ተሰጠው እንጂ። አማራጭ አንዳንዴ ከመደርደሪያ ላይ ይገኛል።

ስለዚህ የአያትህን ብራና ለቱሪስት እንዳትሸጠው። ገጽ በገጽ ፎቶ አንሣው። የተጻፈውን ሁሉ በራስህ ወይም በእናትህ ላይ አትሞክር፤ ስማቸው አንድ ሆኖ አካላቸው የተለያየ ዕፀዋት አሉ፣ አንዱ መድኃኒት ሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። ከአያትህ ጋር ዕፅ ሲለቅሙ የነበሩ ሰዎች በሕይወት ካሉ ዛሬ ሄደህ አብረሃቸው ውጣ። ቅጠሉን ከነአበባው በጋዜጣ መሃል አድርገህ አድርቀው። የት እንደተለቀመ፣ በየትኛው ወር፣ ሥሩ ይሁን ቅርፊቱ ጻፍ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የዕፀዋት ወይም የፋርማሲ መምህር ፈልግና አሳየው፣ ግን ማን እንደሰጠህ በጽሑፍ ይያዝ። አዘገጃጀቱን ደግሞ አንድም ቃል እንዳትዘል። በፈላ ውሃ ይሁን በቀዝቃዛ፣ አድሮ ይሁን ወዲያው፣ በጠላ ይሁን በማር፣ እንዳሉህ አድርገህ ጻፈው።